ደብተርና ዶሮ አብረው ሲሰጡ፦ በባሕር ዳር የሕፃናትን የጉልበት ሥራ ለመቀነስ የሚሰጠው የቤተሰብ ድጋፍ ሲመዘን

ባሕር ዳር ውስጥ ልጁ በሊስትሮ፣ በተሸካሚነት፣ በቆሎና ማስቲካ ሽያጭ ወይም በዓሣ ሥራ ለተጠመደበት ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሰጪው ቢለያይም ይዘቱ ያው ነው። ለልጁ ዩኒፎርም፣ ቦርሳ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፤ ከትምህርት ርቆ ከቆየ የማካካሻ ክፍል ይገባል። ለእናት ወይም ለአሳዳጊ የጥቂት ቀን የንግድ ሥልጠና፣ የቁጠባ ቡድን፣ ከዚያም መነሻ ገንዘብ ወይም በዓይነት ዶሮ፣ በግ፣ የልብስ ስፌት መኪና ይከተላል። አንዳንዱ የቤት ለቤት ክትትል ይጨምርበታል። ምልመላው በቀበሌ በኩል ያልፋል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ርክክብ ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣል። እዚህ የሚመዘነው ይህ ጥቅል እንጂ አንድ ተቋም አይደለም።

ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፣ ድጋፉ ሲቀርብ መወሰድ ያለበት ነው፤ ከ5 ሦስት ተኩል ይገባዋል። የቁጠባ ቡድኑና የማካካሻ ክፍሉ ጠንካሮቹ ናቸው። የእንስሳት እደላው ደካማው ነው። ጨርሶ የጎደለው ደግሞ የሕፃናት ማቆያ ነው። ትልቁ እንከን ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ ሪፖርቱ የታደለውን ቦርሳና የተከፋፈለውን ዶሮ ይቆጥራል፣ የልጁን ሰዓት የሚቆጥር ግን የለም። ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራ ነበር? ድጋፉ ከገባ በኋላስ ስንት ሰዓት ቀነሰለት? ይህ ካልተጠየቀ ልጁን ከጎዳና አንሥቶ ጓሮ ውስጥ ማሠራትም ስኬት ተብሎ ይመዘገባል።

የሰዓቱ ጉዳይ ከምልመላው ቅጽ ይጀምራል። «ልጅዎ ይሠራል ወይ?» ተብላ የምትጠየቅ እናት «ኧረ አይሠራም፣ እኔን ያግዘኛል እንጂ» ማለቷ አይቀርም። አልዋሸችም፤ ሥራ ማለት ለእሷ ደመወዝ ያለው ነገር ነው። የተሻለው ጥያቄ «ትናንት ከእንቅልፉ ከተነሣ ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ ምን ምን ሲያደርግ ዋለ?» የሚለው ነው። መልሱ ሰዓት በሰዓት ሲጻፍ ውሃ መቅዳቱ፣ ታናሽ ማዘሉ፣ ጉሊት መጠበቁ፣ ለጅምላ ዕቃ ወርዶ ተሸክሞ መመለሱ አንድ በአንድ ይወጣል። ጥያቄው ስለ ሁለት ቀን መሆን አለበት፤ አንዱ የትምህርት ቀን፣ ሌላው ቅዳሜ። ቅዳሜ ገበያ የሚቆመው በዚያ ቀን ስለሆነ ማክሰኞ ላይ ቀላል የሚመስለው ቤት ቅዳሜ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ጠያቂው ይህን በ20 ደቂቃ ሊጨርሰው ይችላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ቢጠይቅ ድጋፉ ምን እንደሠራ የሚያሳይ ማስረጃ በእጁ አለ። ብዙዎቹ ቅጾች ግን የቤተሰቡን የወር ገቢ ጠይቀው ያልፋሉ፤ እሱን ደግሞ ድጋፍ ፈላጊ ሁሉ ዝቅ አድርጎ መናገር ያውቅበታል።

የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 42.7 በመቶው፣ ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ በሕፃናት የጉልበት ሥራ ውስጥ መሆናቸውን አሳይቷል። አብዛኞቹ በግብርና ላይ፣ ያውም ከወላጆቻቸው ጋር ናቸው። በጣና ዙሪያ ይህ ማለት በፎገራ የሩዝ ማሳ ላይ አረም የምትነቅለውና ወፍ የምትጠብቀው ልጅ፣ ከብት የሚያግደው እረኛ፣ ከአባቱ ጋር ታንኳ ላይ የሚያድረው ዓሣ አጥማጅ ነው። ምልመላው ግን ዓይን የሚያየውን ይከተላል። ሣጥኑን ይዞ አስፋልት ዳር የተቀመጠው ሊስትሮ ወዲያው ይመዘገባል፤ በሰው ቤት ተቀጥራ እንጀራ የምትጋግረው የ13 ዓመት ልጅ ግን በር ተዘግቶባት ስለምትውል አትቆጠርም። ከደራ፣ ከይልማና ዴንሳ ወይም ከባሕር ዳር ዙሪያ መጥተው አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚያድሩ ልጆችም የነዋሪነት መታወቂያ ያለው አሳዳጊ ስለሌላቸው ከዝርዝሩ ይወድቃሉ። እነዚህን ለማግኘት የቀበሌ መዝገብ ብቻ አይበቃም፤ አከራዮችንና የጉሊት ነጋዴዎችን መጠየቅ፣ ውሃ በሚቀዳበትና ወፍጮ ቤት አካባቢ መዋል ያስፈልጋል።

«ታዲያ ሕግ የለም ወይ?» ለሚል፣ አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የቅጥር ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ማሠራት ክልክል ነው። መንገደኛና ዕቃ ማጓጓዝ፣ በወደብና በመጋዘን ከባድ ነገር ማንሣት፣ መግፋትና መጎተትም ለዚህ ዕድሜ ከተከለከሉት ውስጥ ናቸው። በዚህ ሚዛን የ16 ዓመቱ የታክሲ ረዳትም ሆነ ከጀልባ ጭነት የሚያወርደው ጎረምሳ መቀጠር አልነበረባቸውም። አዋጁ የሚገዛው ግን በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለን ግንኙነት ነው። በግሉ ጫማ የሚጠርገው ልጅ አሠሪ የለውም፤ የአባቱን መረብ የሚስበውም ውል የለውም፤ የቤት ሠራተኛዋም ከአዋጁ ወሰን ውጭ ናት። ተቆጣጣሪ የማይገባበትን ይህን ቦታ መድረስ የሚችለው ለቤተሰቡ የሚሰጠው ድጋፍ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ጉድለቱን በዝርዝር መመልከት የሚያስፈልገው።

ከትምህርት ቁሳቁሱ እንጀምር። ዋናው ችግር መጠኑ ሳይሆን ጊዜው ነው። ምዝገባ የሚካሄደው በነሐሴ ነው፤ ትምህርት በመስከረም ይጀምራል። ድጋፉ በጥቅምት ወይም በኅዳር ሲደርስ ልጁ ወይ ሳይመዘገብ ቀርቷል፣ ወይ እናቱ ተበድራ አስመዝግባዋለች፣ ያን ብድር የሚከፍለውም እሱው ነው። ቀጥሎ ጥራቱ፦ ባለ 50 ሉክ 6 ደብተር ለአንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ የመጀመሪያውን መንፈቅ ያወጣ ይሆናል እንጂ ለዓመት አይበቃም። የርካሽ ቦርሳ ዚፕ ሁለት ወር ሳይሞላ ይለቃል። ዩኒፎርሙ ተሰፍቶ ከመጣ ልኩ አይሆንም፤ ጨርቁ ብቻ ከተሰጠ ደግሞ የልብስ ሰፊው ዋጋ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል፣ ጳጉሜን ላይ ደግሞ ሰፊዎች ወረፋ ይይዛሉ። ጨርቁንና የስፌቱን ገንዘብ በሐምሌ መስጠት ሁለቱንም ያስቀራል። በሴቶች ልጆች ጥቅል ውስጥ ሞዴስና ሳሙና አለመኖሩ ከ6ኛ ክፍል ወዲህ በየወሩ የሚያስቀር ነገር ነው። ቦርሳው ላይ የሰጪውን ዓርማ በትልቁ ማተም የሚሉት ነገር ደግሞ ቢቀር ይሻላል፤ ክፍል ውስጥ «የእርዳታ ልጅ» ተብሎ የሚጠራ ተማሪ ቦርሳውን ቤት ጥሎ በፌስታል መምጣት ይጀምራል።

ከገጠር ለመጣ ልጅ ከደብተር የሚቀድም እንቅፋት አለ። መሸኛና የውጤት ካርድ ከሌለው የሚቀበለው ትምህርት ቤት ያመነታል፤ የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅም በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ዛሬ የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ወረቀቱ የሌለው ቢሆን አያስገርምም። ማኅበራዊ ሠራተኛው አንድ ቀን ወስዶ ለቀድሞው ትምህርት ቤት ስልክ ቢደውል፣ ካልሆነም ርዕሰ መምህሩ በምደባ ፈተና እንዲቀበለው ቢነጋገር፣ ከአንድ ደርዘን ደብተር የበለጠ ሠርቷል። የተሻሉት ፕሮግራሞች ይህን እንደ ዋና ሥራ ያዩታል።

ፈረቃውን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ ልጁ በየትኛው ፈረቃ መግባት እንዳለበት የሚወስነው የሚሠራው ሥራ ነው። መረብ ከሰዓት በኋላ ይጣላል፣ ሌሊቱን ያድራል፣ ጎህ ሲቀድ ይነሣል፤ ከዚያ ዓሣውን ከመረቡ መፍታት፣ ቆሮሶውን ከአምባዛው መለየት፣ ማጽዳትና ፀሐይ ሳይጠና ለገዢ ማድረስ አለ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ልጅ ጠዋት ፈረቃ ቢመደብ ከመጀመሪያው ሳምንት ያረፍዳል፣ በሁለተኛው ይቀራል። ቆሎ የሚያዞረው ደግሞ ገበያው ምሽት ነው፤ እሱን የሚጎዳው ጠዋት በእንቅልፍ መጥቶ ክፍል ውስጥ ማንጎላጀቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራው ጨርሶ እንደማይቆም የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ከክፍል ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ አድርጎ ማስመዝገብ፣ ከዚያ ሰዓቱን እየቀነሱ መሄድ ነው የሚያዋጣው። ሩዝ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ አረሙ በክረምት ማብቂያ፣ አጨዳው ከጥቅምት ጀምሮ ሲሆን ከመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ትምህርት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ለዚያ ያለው መፍትሔ ለአጨዳ ሳምንታት ብቻ የጎልማሳ ጉልበት የሚቀጠርበት አነስተኛ ብድር ወይም ወንፈል ማደራጀት ነው፤ ብዙ ጥቅሎች የማይነኩት ነገር ነው።

የማካካሻ ክፍሉ ይመሰገናል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተስፋፋው «ስፒድ ስኩል» የተባለው አሠራር ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ከትምህርት የራቁ ልጆችን 30 ያህል በአንድ ክፍል አድርጎ የመጀመሪያዎቹን 3 የክፍል ደረጃዎች በ10 ወር ያስጨርሳል፣ ከዚያ መደበኛ ትምህርት ቤት ያስገባል። በዚያው ላይ እናቶችን በቁጠባ ቡድን ያደራጃል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ልጆች ጋር 1ኛ ክፍል ተቀምጦ አይቆይም፣ ያፍራል፣ ይወጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው ዕድሜያቸው ከክፍላቸው ያለፈ ልጆች በዝተዋል፤ ስለዚህ የዚህ ክፍል አስፈላጊነት ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። የሚበላሸው መሸጋገሪያው ላይ ነው። 30 ልጆች ካሉበት፣ በቡድን ከሚማርበት ክፍል ወጥቶ በተጨናነቀ የ4ኛ ክፍል ዴስክ ላይ ለአራት ሲቀመጥ ስሙን የሚያውቅ መምህር ላያገኝ ይችላል። የማካካሻ ክፍሉ አስተማሪ ለአንድ መንፈቅ በወር ሁለት ጊዜ እየሄደ እንዲያየው ክፍያው በጀት ውስጥ መግባት አለበት። ድጋፍ ሲቀርብልዎ «ልጁ ወደ መደበኛ ክፍል ከገባ በኋላ ማን ይከታተለዋል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ «ትምህርት ቤቱ» ከሆነ ማንም አይከታተለውም ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ጤና በእነዚህ ጥቅሎች ውስጥ ቦታ አጥቷል። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ፣ ከውሃ የሚይዘው የጥገኛ ትል በሽታ፣ የቆየ ችግር ነው፤ ደንገል ሲያጭዱ፣ መረብ ሲስቡ፣ ልብስ ሲያጥቡ እግራቸው ውሃ ውስጥ የሚውል ልጆች ቀዳሚ ተጠቂዎች ናቸው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በልጁ ክብደት ተለክቶ፣ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። በዘመቻ የሚሰጠው በአብዛኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሆነ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የማይማረው ልጅ ሳያገኘው ያልፋል። በምዝገባው ቀን ጤና ጣቢያ ማድረስ ብዙ ወጪ የለውም፤ ሆዱን እያመመው የሚቀር ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ከዝርዝር ከመሰረዝም ያድናል።

አሁን ወደ መተዳደሪያው። ጥቅሉ የሚነሣበትም የሚወድቅበትም እዚህ ነው።

ዶሮን እንውሰድ። ለአንድ ቤተሰብ የ45 ቀን 10 ቄብ ዶሮዎች ይታደላሉ እንበል። ቦቫንስ ብራውንን የመሰለ የእንቁላል ዝርያ መጣል የሚጀምረው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላው ነው። ስለዚህ ከርክክቡ በኋላ ለ3 ወር ያህል አንድም እንቁላል የለም፤ መኖ ግን ከመጀመሪያው ቀን ያስፈልጋል። በዚያ 3 ወር መኖውን ማን ይገዛል? ሊስትሮው። ልጁን ከሥራ ለማውጣት የመጣው ዶሮ ለጊዜው ሥራውን ያበዛበታል። ዶሮዎቹ ሲደርሱ ደግሞ እያንዳንዷ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች፤ 10 ዶሮ በቀን 1.2 ኪሎ፣ በወር 36 ኪሎ ማለት ነው። ከአሥሩ በቀን 7 እንቁላል ቢገኝና የ1 ኪሎ መኖ ዋጋ የ3 እንቁላል ዋጋ ቢሆን፣ ከ7ቱ 3.6ቱ ለመኖ ይሄዳል፤ ለቤት የሚተርፈው 3.4 ነው፣ እሱም የሞተና የታመመ ሳይቀነስ። መኖው ወደ 4 እንቁላል ዋጋ ሲወጣ የሚተርፈው ከ2.2 አይበልጥም። ይህን ስሌት ከመቀበል በፊት በገበያው ዋጋ መሥራት ነው፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ፈንግል ገብቶ ሁሉንም በሁለት ቀን እንዳይጨርስ ክትባቱ ከዶሮው ጋር መምጣት፣ በየ3 ወሩም መደገም አለበት። ቦታም ያስፈልጋል፣ ለ5 ወይም ለ6 ዶሮ 1 ካሬ ሜትር፤ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ የማይታሰብ ነው፣ አከራዩም አይፈቅድም። እንግዲህ ዶሮ ለሚሰጥ አካል ምክሩ አንድ ነው፦ ወይ የ4 ወር ቄብ ይስጥ፣ ወይ የ3 ወር መኖ አብሮ ይስጥ። ሁለቱንም ካልቻለ ዶሮውን ይተወው።

በግ ማደለብ ስሌቱ የተሻለ፣ ለልጁ ግን የከፋ ነው። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ታስቦ ከ3 ወር በፊት ተገዝቶ የሚደልብ የዋሸራ በግ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ ወጪውም ጥገኛ የሚያስወግድ መድኃኒት፣ ሣርና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ነው። ሁለት በጎች ግን በቀን ከ8 እስከ 10 ኪሎ እርጥብ ሣር ይበላሉ። ይህን ሣር የሚያጭደው፣ የሚሸከመው፣ በጎቹንም ሜዳ ላይ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። በጥቅሉ ሪፖርት ላይ ልጁ «ከጎዳና ሥራ ተላቅቋል» ተብሎ ሲጻፍ እሱ ግን ማጭድ ይዞ ከክፍል ቀርቷል። ገጠር ቀበሌ ላይ በግ ከመስጠት በፊት መኖው በግዢ እንደሚቀርብና ግቢ ውስጥ ታስሮ እንደሚቀለብ መስማማት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የተሰጠው በግ ሳይሆን እረኝነት ነው።

ለዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ መረብ መስጠት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው። መረብ በበዛ ቁጥር የሚስብ እጅ ይፈለጋል፣ የሚፈለገውም የልጁ እጅ ነው፤ ዓይነ ጠባቡ መረብና በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች አፍ ለመራባት የሚወጣውን ዓሣ መልቀም የሐይቁን ሀብት ምን ያህል እንደጎዳው ደግሞ በወደቡ የማይናገር የለም። ከመረብ ይልቅ ለእናቲቱ የተያዘውን ዓሣ የምታቆይበት ማቀዝቀዣ ሣጥንና በረዶ የምትገዛበት ገንዘብ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ዓሣው ሳይበላሽ የሚቆይ ከሆነ ልጁ ጎህ ሲቀድ ገዢ ፍለጋ መሮጡ ይቀራል። ደንገል ለሚሠሩ የወይጦ ቤተሰቦችም እንዲሁ ነው፤ ታንኳና ቅርጫት ይሸጣል፣ ግን ደንገሉ እየራቀ በሄደ ቁጥር ጭነቱ ትከሻ ይፈልጋል፤ ማጓጓዣውን መርዳት ከሥልጠና ይበልጣል።

ከተማ ውስጥ ብዙ እናቶች የሚመርጡት ጉሊት ነው፣ ምርጫቸውም ትክክል ነው። ገቢው ዕለታዊ ነው፣ ከልጁ ገቢ ጋር በቀጥታ ይተካካል። ልጁ በሳምንት 300 ብር ያስገባ ነበር እንበል። እናቲቱ ከአንድ ኪሎ ቲማቲም የምታተርፈው 10 ብር ከሆነ፣ ያንን ለመተካት በሳምንት 30 ኪሎ፣ ማለትም በቀን 5 ኪሎ ያህል ጨምራ መሸጥ አለባት። ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ለጅምላ ግዢ ማለዳ ስትሄድ ነው፦ ጉሊቱን ማን ይጠብቃል? ጡት የሚጠባውን ማን ይይዛል? ብዙ ጊዜ የምትቀረው የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጃገረድ ናት። ወንድሟ ከሊስትሮ ሣጥኑ ተላቆ ትምህርት ቤት ሲገባ እሷ ከትምህርት ቤት ወጥታ ቤት ገብታለች፤ በሪፖርቱ ላይ አንድ ልጅ ድኗል፣ በቤቱ ውስጥ ግን ሂሳቡ ዜሮ ነው። ለዚህ ነው በጥቅሉ ይዘት ውስጥ ከጎደሉት ትልቁ የሕፃናት ማቆያ የሆነው። ትልቅ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ከአንድ የቁጠባ ቡድን ሁለት እናቶች ተራ በተራ በአንድ ቤት 10 ሕፃናት ቢይዙ፣ ሌሎቹ ጥቂት ብር ቢያዋጡላቸው፣ ድጋፉ ምንጣፍ፣ የውሃ ማጣሪያና ለሁለቱ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ቢጨምር ይበቃል። ዕቁብና እድር ለዘመናት ላቆየ ሰፈር ይህን ማደራጀት አዲስ ነገር አይሆንበትም።

የቁጠባ ቡድኑ፣ ከላይ እንደተባለው፣ የጥቅሉ ምርጥ ክፍል ነው። ከ15 እስከ 25 አባላት በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዷ ከ1 እስከ 5 ዕጣ፣ ማለትም የቁጠባ ድርሻ፣ ትገዛለች፣ በደብተሯ ላይ በማኅተም ይመታላታል። ገንዘቡ ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣል፤ ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ፣ ሣጥኑ በአራተኛዋ ቤት ነው። ብድር እስከ ቁጠባዋ ሦስት እጥፍ ይሰጣል። የአንድ ዕጣ ዋጋ 50 ብር ከሆነና በሳምንት 2 ዕጣ ብትገዛ፣ በ12ኛው ሳምንት 1,200 ብር ይኖራታል፣ እስከ 3,600 ብር መበደር ትችላለች፤ በ48 ሳምንት ቁጠባዋ 4,800 ብር ይሆናል፣ ከወለዱ ድርሻዋ ሲጨመር ከዚያ ይበልጣል። ሁለት ነገር ብቻ መታረም አለበት። አንደኛ፣ ዙሩ የሚጀምርበት ወር። ከ9 እስከ 12 ወር የሚሄደው ዙር በጥቅምት ቢከፈትና በነሐሴ ቢከፋፈል ገንዘቡ ለምዝገባ፣ ለዩኒፎርምና ለደብተር በቀጥታ ይደርሳል፤ የሰጪው የበጀት ዓመት ሲመች ተጀምሮ በየካቲት የሚከፋፈል ዙር ግን ለትምህርት አይተርፍም። ሁለተኛ፣ ወለድ የማይወስዱ ሙስሊም እናቶች ያሉበት ቡድን ያለ ወለድ ተስማምቶ የሚሠራበት መመሪያ ከመጀመሪያው ይዘጋጅ፤ አለበለዚያ ዝም ብለው ይቀራሉ። ሁለት ዙር በሥርዓት የጨረሰ ቡድን ከዚያ ወዲያ ፀደይ ባንክ ወይም ሌላ የገንዘብ ተቋም ዘንድ ሲሄድ መዝገቡ ይመሰክርለታል።

መነሻ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ለቤት ኪራይ ውዝፍና ለበዓል ይውላል፤ ይህን እንደ ብክነት ማየት ግን ስህተት ነው፣ ኪራይ ያልከፈለ ሰው ጉሊትም ሊቀመጥ አይችልም። በሁለት ክፍያ መስጠት፣ መጀመሪያ ከግማሽ በላይ፣ የቀረውን ከ6 ሳምንት በኋላ ሥራውን አይቶ፣ ይሻላል። አንድ ቀበሌ ውስጥ 20 እናቶችን በአንድ ሥራ ላይ ማሰማራት ግን እርስ በእርስ ገበያ ያሻማቸዋል፤ በተለይ የልብስ ስፌት መኪና በዚህ ምክንያት ጨርቅ ተጥሎበት ጥግ ላይ ይቆማል።

ክትትሉ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ አለ፦ ልጁ ከትምህርት ከቀረ የቤተሰቡ ድጋፍ ይቋረጣል። የሚቀሩት ግን ከሁሉም የቸገራቸው ናቸው፤ ቅጣቱ የሚያስተምረው መደበቅን ብቻ ነው። ስም ጠሪ መምህሩ ለ3 ተከታታይ ቀን የቀረን ልጅ በዚያው ሳምንት ለማኅበራዊ ሠራተኛው ቢያሳውቅና ቤት ቢሄድ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሊፈታ የሚችል ነገር ይሆናል፤ የታመመች እናት፣ የተቀደደ ጫማ፣ የአጨዳ ሳምንት። ለመምህሩ የስልክ ካርድ መስጠት የዚህ ሁሉ ሥራ ርካሹ ወጪ ነው።

ከ15 እስከ 17 ዓመት ላሉት ጥቅሉ እምብዛም አይመችም። ብዙዎቹ ወደ ማካካሻ ክፍል አይመለሱም፤ ሥራ እንዲያቆሙ ሳይሆን ሥራቸው ሕጉ በፈቀደው ሰዓትና ዓይነት እንዲሆን ነው መርዳት የሚያስፈልገው። ጋራዥና ብየዳ ቤት ልምምድ የሚገቡት ከመሣሪያው በፊት የዓይን መከላከያና ከ7 ሰዓት የማይበልጥ የሥራ ቀን በጽሑፍ ይፈለግላቸዋል። ለፀጉር ቤት ሠልጣኝ ማሽኑን በመጀመሪያው ቀን መስጠት ከሥልጠናው አቋርጦ እንዲሸጠው መጋበዝ ነው፤ በሥልጠናው ወቅት የታክሲና የምሳ ገንዘብ በየሳምንቱ መስጠት፣ ማሽኑንና የወንበሩን ኪራይ ቀብድ ደግሞ ሥልጠናውን ጨርሶ ቦታ ሲያገኝ ማስረከብ የተሻለ ነው።